ስለ ኮሮና በሽታ አስከሬን የተናገረውና እኛ ያልጠየቅነው

(በአሰላ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሞተ ሰው አካል በአደባባይ መናገር በአገራችን ልማድ እንደ ነውር ሊቆጠር እንደሚችል አውቃለሁ። ከመካከላችሁም በዚያ ክፉ ወራት አባቱን ወይም እናቱን የቀበረ አይጠፋም። ስለዚህ አስቀድሜ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ነገር ግን ሕክምና እንማራለን የምንል ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ዝም ካልን ሌላ የሚናገርልን አይገኝምና ልጀምር።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሞት የተነገረው በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታው አስቸኳይ ጊዜ አበቃ ብሎ እስካስታወቀበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ከ7,500 ጥቂት ይበልጣሉ። ይህ ቁጥር ተመርምረው በሽታው የተገኘባቸውን ብቻ የሚይዝ ነው። በሙኔሳ ወይም በዲገሉና ጢጆ ገጠር ሳል ይዞት፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ በገዛ መደቡ ላይ የሞተው ገበሬ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ለቀስተኛው «ብርድ መታው»፣ «ሳንባ ምች ነው» ብሎ አፈር አልብሶት ተመለሰ።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት የጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ያወጣ የነበረውን መግለጫ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ በሽታው የታወቀው በአስከሬን ምርመራ እንደ ሆነ ይነገር ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሐኪሞች አስከሬኑን ከፍተው ያዩት መስሎት ነበር። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። የተደረገው ለሌላ ጉዳይ ወይም ሞቶ ወደ ሐኪም ቤት ከመጣው ሰው አፍንጫና ጉሮሮ በጥጥ ናሙና መውሰድ ነው። ይህም ቢሆን ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሆኖም ናሙናው ቫይረሱ በሰውየው ውስጥ መኖሩን ይናገራል እንጂ በምን ሁኔታ እንደ ገደለው አይናገርም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

እስቲ ከቤታችን ከምናውቀው እንነሣ። ለበዓል በግ ሲታረድ ሳንባው ሲወጣ ያላየ ከመካከላችን የለም። ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ ቀላል ነው፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሰረጉድና ይመለሳል። ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ጉበቱ ግን ይሰምጣል። ልዩነቱ አየር ነው። ሳንባ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያሉበት ነው። እያንዳንዱን ከረጢት እንደ መረብ የከበቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ኦክስጅን በእርሱ በኩል ያለ ችግር ያልፋል።

በኮሮና የሞተ ሰው ሳንባ ግን ጉበት መሰለ። ይህን በመጀመሪያ ካዩት ሰዎች አንዱ በቻይና በውሃን ከተማ የፎረንሲክ ሐኪም የሆኑት ፕሮፌሰር ሊዩ ሊያንግ ናቸው። የመጀመሪያውን አስከሬን የከፈቱት የካቲት 8 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በጀርመን አገር ደግሞ ነገሩ በክርክር ተጀመረ። የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት፣ ሮበርት ኮኽ የተባለው ተቋም፣ ለመርማሪዎቹ ያሰጋል በማለት አስከሬን ባይከፈት ይሻላል የሚል ምክር ሰጥቶ ነበር። የሐምቡርጉ ፕሮፌሰር ክላውስ ፑሽል ግን ምክሩን ወደ ጎን ትተው በከተማው በዚህ በሽታ የሞቱትን ተራ በተራ መረመሩ። ተቋሙም ቆይቶ ምክሩን ለወጠ። እኔ በበኩሌ የሐምቡርጉን ሰው እደግፋለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ልብስና ጭንብል ላለው መርማሪ፣ የአየሩ መውጫ ለተስተካከለ ክፍል፣ አደጋው ሊታገሡት የሚቻል ነው፤ ሳያውቁ ማከም ግን ከዚያ የከፋ አደጋ ነው።

የሐምቡርግ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዎች ላይ ያገኙትን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አሳተሙ። የጤነኛ ሰው ሁለት ሳንባ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ነው። የእነዚህ ሰዎች ግን በአማካይ ወደ ሁለት ኪሎ ደረሰ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአየር ከረጢቶቹ በፈሳሽ ተሞልተዋል፤ ግድግዳቸውም ፈርሷል። በውስጣቸው ደግሞ ከሞቱ ሴሎችና ከደም ከወጣ ፕሮቲን የተሠራ ስስ ልባስ ተጋግሯል። ወተት ፈልቶ ሲበርድ በላዩ የሚሰፍረውን ስልባቦት አስቡ። እንዲህ ያለ ስልባቦት በየከረጢቱ ውስጥ ከተለጠፈ በሽተኛው የፈለገውን ያህል ኦክስጅን በአፍንጫው ቢያስገባ ወደ ደሙ የሚያልፈው ጥቂት ነው። በሽተኛው እየተነፈሰ ይታፈናል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለሐኪሞች አዲስ አልነበረም፤ በከባድ የሳንባ ምችና በኢንፍሉዌንዛም የሚታይ ነው። ያስደነገጣቸው ሌላው ነው። ከ12ቱ ሰዎች በ7ቱ እግር ውስጥ ባሉ ጥልቅ የደም ሥሮች ደም ረግቶ ተገኘ። በሕይወት ሳሉ ይህን የጠረጠረ ሐኪም አልነበረም። ከእነርሱም መካከል 4ቱን የገደለው ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ነበር። እንግዲህ በሽተኛው የሞተው በሳንባ ምች ነው ተብሎ ሊጻፍ ነበር፤ አስከሬኑ ባይከፈት።

በዚያው ዓመት በግንቦት ሌሎች ሐኪሞች በኮሮና የሞቱ የ7 ሰዎችን ሳንባ፣ በ2009 በፈረንጆች በተነሣው ኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ከሞቱ ሰዎች ተወስዶ ተጠብቆ ከቆየ የ7 ሰዎች ሳንባ ጋር አስተያዩ። በኮሮናው ሳንባ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የረጋው ደም ከኢንፍሉዌንዛው 9 እጥፍ በለጠ። የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ተጎድቷል፤ አካሉም መንገድ ሲዘጋበት አዲስ የደም ሥር ለማብቀል ሲታገል ታይቷል። ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ኮሮናን የሳንባ በሽታ ብቻ ሳይሆን የደም ሥር በሽታም አድርገው ማየት ጀመሩ።

ልብ በሉ፤ የኢንፍሉዌንዛው ሳንባ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር። በሰም ተከብቦ በመደርደሪያ ላይ የቆየ አንዲት ቁራጭ ናት ይህን ማስተያየት ያስቻለች። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ስለ ሌሎቹ ብልቶች ባጭሩ ልናገር። ኩላሊት ተጎድቶ ተገኝቷል፤ ልብ በራሱ በቫይረሱ መቆጣቱ ግን በመጀመሪያ እንደ ተፈራው ብዙ አልሆነም። በአሜሪካ የተደረገውና በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የታተመው ትልቅ ምርመራ በ44 ሰዎች አስከሬን ላይ የቫይረሱን ርዝራዥ ከሳንባ አልፎ በልብ፣ በአንጀት፣ በአንጎልም አገኘው። በአንድ ሰው ላይ በሽታው ከጀመረው 230 ቀን በኋላ እንኳ ርዝራዡ አልጠፋም ነበር። ነገር ግን ከሳንባ ውጭ ባሉት ብልቶች ላይ ቫይረሱ ይኑር እንጂ ያደረሰው ቁጣ ጥቂት ነው። መኖርና መግደል አንድ አይደሉም።

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ይህ ሁሉ የሞተውን ያስነሣል ወይ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። የሞተውን አያስነሣም፤ አልጋ ላይ ያለውን ግን ሊያተርፍ ይችላል። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሐኪሞች ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት በሽተኞች ሞትን በሢሶ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው መካከል ደግሞ በአምስተኛ እጅ እንደ ቀነሰ አስታወቁ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው በሽተኛ ግን አልጠቀመም። ለምን? አስከሬኑ መልሱን ሰጥቶ ነበር። በሽታው ሲከፋ የሚገድለው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ የራሱ የአካሉ ቁጣ ነው፤ ዴክሳሜታዞንም የሚያበርደው ያንን ቁጣ ነው። ቁጣው ሳይነሣ መስጠት የአካልን መከላከያ ማድከም ይሆናል። በኢትዮጵያም ወዲያው በሥራ ላይ ዋለ፤ በመድኃኒት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ድሮም የነበረ መድኃኒት ነውና።

ደም የሚያቀጥነው የሄፓሪን ጉዳይ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። አስከሬን የረጋ ደም ስላሳየ ብዙ ሐኪሞች በፍጥነት ከፍ ያለ መጠን መስጠት ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. የወጡት ሙከራዎች ከፍተኛው መጠን በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያለውን በሽተኛ እንደሚጠቅም፣ በጽኑ የታመመውን ግን እንደማይጠቅም አሳዩ። አስከሬን የት እንደምናይ ያመለክተናል፤ የመድኃኒቱን ልክ ግን አይሰፍርልንም። ይህን የምለው የአስከሬን ምርመራን እንደ ታቦት የሚያዩ ጓደኞች በመካከላችን ስላሉ ነው።

እንግዲህ ውሃን አለ፤ ሐምቡርግ አለ፤ አሜሪካ አለ። አርሲ የት አለች?

ይህን የምጠይቀው ለክብር ብዬ አይደለም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በቆጂ ወደ 2,800 ትደርሳለች። በአሰላ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። በጣት ላይ የምናደርገው የኦክስጅን መለኪያ በጤነኛው ሰው ላይ እንኳ ከጠረፉ ሰው በጥቂት ነጥብ ዝቅ ይላል። በሽተኛው ከባድ ነው፣ አይደለም የሚለውን ወሰን በአመዛኙ የሠሩት ግን በዝቅተኛ ስፍራ ያሉ ሐኪም ቤቶች ናቸው። በዚያ ላይ ከዚሁ ከጎረቤታችን ከባሌ ተራራ የተወሰደ ጥናት አለ። በዚያ በ4,000 ሜትር ላይ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከፍ ያለ ነው። በሰሜን ተራራዎች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩት አማሮች ግን የባሕር ጠረፍ ሰው ያህል ብቻ አላቸው። ደም የሚያረጋ በሽታ ደሙ በወፈረ ሰው ላይ እንዴት ይሆናል? የደጋ ሰው ሳንባ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች በኮሮና ጊዜ እንደ ሐምቡርጉ ሰው ሆኑን? ወይስ ለጥቂት ኦክስጅን መልመዳቸው ጠቀማቸው? ከዚህ አገር ዓለምን ያስደነቁ ሯጮች የወጡት በዚሁ ሳንባና በዚሁ ደም ነው እያልን እንኮራለን፤ ሳንባው ሲታመም ምን እንደሚሆን ግን ከፍተን አላየንም። በየቄራው ሥጋ ማኅተም ከመመታቱ በፊት መርማሪው የበሬውን ሳንባና ጉበት በቢላዋ ሰንጥቆ ያያል። ከሰው ይልቅ ስለ በሬ በሽታ የምናውቀው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

አፍሪካ ለመጠየቅ አቅም የላትም እንዳይባል ደግሞ የዛምቢያን ምሳሌ ላምጣ። በ2020 በፈረንጆች፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በሉሳካ ትልቁ ሐኪም ቤት አስከሬን ክፍል ከ364 ሰዎች አስከሬን ናሙና ተወሰደ። በ70ዎቹ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሞቱት ከሐኪም ቤት ውጭ ነው፤ ከሐኪም ቤት ውጭ ከሞቱትም በሕይወቱ ሳለ የተመረመረ አንድ ስንኳ አልነበረም። በዚያን ጊዜ «ኮሮና አፍሪካን ዘለላት» እየተባለ ይጻፍ ነበር። አልዘለላትም፤ ያየው አልነበረም እንጂ።

በአገራችን የአስከሬን ምርመራ ሲባል ለረጅም ዘመን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ፖሊስ የተጠረጠረ ሞት ሲያጋጥመው አስከሬኑን ወደዚያ ይልካል፤ ኋላም ጳውሎስ ሆስፒታል ተጨመረ። ከአሰላ ወደ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ቤተሰብ ወንጀል በሌለበት ጉዳይ፣ ለትምህርት ሲባል ብቻ፣ የአባቱን አስከሬን ይህን ያህል መንገድ ያስኬዳል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። እስላሙ በዚያው ቀን መቅበር አለበት፤ ክርስቲያኑም ቢሆን አስከሬን አያሳድርም ማለት ይቻላል። ሕዝባችን አልሠለጠነም ብለው በዚህ የሚያማርሩ ጓደኞች አሉ። እኔ አልስማማም። የሞተን ሰው ማክበር ድንቁርና አይደለም። ችግሩ የእኛ ነው፤ ለሕዝቡ የሚስማማ መንገድ ፈልገን አላቀረብንለትም።

መንገዱም የሌለ አይደለም። በሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኩል፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ለሞቱ ሕፃናትና ሞተው ለተወለዱ ልጆች አንድ ሥራ ተጀምሯል። አስከሬኑ አይከፈትም። በቀጭን መርፌ ከሳንባ፣ ከጉበት፣ ከአንጎል ቅንጣት ይወሰድና አስከሬኑ ሳይበላሽ ለወላጆቹ ይመለሳል፤ ቅንጣቷም በማይክሮስኮፕና በላቦራቶሪ ትመረመራለች። ፈቃዱን የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው፤ አስቀድሞም ከሃይማኖት አባቶችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ብዙ ንግግር ተደርጎበታል። ሐረርና ቀርሳ ያለው ሕዝብ ከአርሲ ሕዝብ በሃይማኖትና በልማድ የራቀ አይደለም። እዚያ የተቻለ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በአሰላ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ከጀርመኑ የዱስልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋምም በከተማችን ነው። መርፌና ማይክሮስኮፕ ጠፍቶ አይደለም።

ቅንጣቷን ማስቀመጥ ለምን እንደሚጠቅም ደግሞ የኅዳር በሽታ ያስተምረናል። በ1911 ዓ.ም. የገባው ያ ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ስንቱን እንደ ፈጀ ከአያቶቻችን ሰምተናል። እስካሁንም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን ጭሱን እናያለን። ከዚያ በቀር በእጃችን የቀረ ነገር የለም። በሌላ አገር ግን በዚያው ወረርሽኝ ከሞቱ ወታደሮች የተወሰደ የሳንባ ቁራጭ በሰም ውስጥ ተቀምጦ ቆየ፤ በአላስካም በበረዶ ከተቀበረ አስከሬን ሳንባ ተገኘ። ከእነዚህ የቫይረሱ ሙሉ የዘር ጽሑፍ በ2005 በፈረንጆች ተነቦ አለቀ። የቆዩትን ቁርጥራጮች እንደ ገና የመረመሩት ደግሞ ከሟቾቹ አብዛኞቹን የጨረሳቸው ቫይረሱን ተከትሎ የገባ ባክቴሪያ እንደ ሆነ አሳዩ። 90 ዓመት የሚያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ መልስ ተገኘ ማለት ነው፤ ቁራጯን ያስቀመጣት ሰው ይህን አያውቅም ነበር።

መርፌው እስኪመጣ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። በቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በአዲስ አበባም ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሰዎች በምን እንደ ሞቱ ቤተሰባቸውን በመጠየቅ ሲጠና ቆይቷል። በአዲስ አበባ መነሻው የመቃብር ስፍራዎቹ መዝገብ ነበር። የኤድስ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሞት እንዴት እንደ ቀነሰ የታየው በዚህ ዘዴ ነው። ዘዴው ጉድለት አለው፤ ቤተሰብ «ሳል ነበረው፣ ከሳ፣ ትንፋሽ አጠረው» ሲል ኮሮና ይሁን የሳንባ ነቀርሳ ለመለየት ያስቸግራል። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ለእኛ ደግሞ ከመቃብር መዝገብ የቀረበ ነገር አለን። በየሰፈሩ እድር አለ፤ እያንዳንዱም እድር ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊውም ደብተር አለው። ለቀብር ገንዘብ የሚወጣው በስም፣ በቀን ተመዝግቦ ነው። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ በሽታው በአገሪቱ በጸናባቸው ወራት፣ ስንት ጊዜ ጥሩንባ እንደ ተነፋ በደብተሩ ላይ አለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በእነዚሁ ወራት የወጣውን ከጎኑ ብናስቀምጠው ከልማድ በላይ ስንት ሰው እንደ ሞተብን በግምት ልናውቅ እንችላለን። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና ትሕትና ነው። ወደ ጸሐፊው ከመሄድ በፊት የእድሩን ዳኛ ማስፈቀድ ይገባል፤ የሟች ስም አይገለበጥም፤ ዕድሜ፣ ጾታና ቀን ብቻ ይወሰዳል። በገጠሩ ኦሮምኛ የሚያውቅ ተማሪ መሄድ አለበት፤ በአስተርጓሚ ሐዘን አይጠየቅም። ደብተር ግን ያልቃል፤ አይጥ ይበላዋል፤ ጸሐፊም ይለወጣል። ስለዚህ ለሚመጣው ክረምት ወደ ወረዳው የሚመለስና በሰፈሩ ያለውን እድር ሊጠይቅ የሚፈቅድ ተማሪ ሁሉ ዛሬ ከመውጣቱ በፊት ስሙንና ወረዳውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።